ሃሪ የሳተው ጥያቄ

ፕላቶ ወጣቶችን ከፍልስፍና ያራቃቸው አይገባቸውም ብሎ አይደለም፤ ከመጠን በላይ ይጥማቸዋል ብሎ ነው። «ሪፐብሊክ» በተሰኘው ሥራው ሰባተኛ መጽሐፍ ላይ፣ የሙግትን ጥበብ ገና በለጋነቱ የቀመሰ ሰው እንደ ቡችላ የቀረበውን ሁሉ እየነከሰ ሲጎትትና ሲቦጭቅ ይውላል ይላል። ስለዚህ ሒሳቡ፣ ጂኦሜትሪውና የከዋክብቱ ትምህርት ይቅደም፤ ሙግቱ 30 ዓመት እስኪሞላ ይቆይ። እኛም ቤት ቢሆን ከአባቱ ጋር ቃል በቃል የሚመላለስ ልጅ «አፈ ጮሌ» ተብሎ ነው የሚታለፈው። ስጋቱ የፕላቶ ብቻ አልነበረም ለማለት ነው።

ይህን ምክር አውሮፓውያን ለረጅም ዘመን ብዙም ሳይሞግቱ ይዘውት ኖሩ። ካልተዋጠላቸው ጥቂቶች አንዱ ፈረንሳዊው ሚሼል ደ ሞንቴይን ነው። በ1580 ባሳተመው የድርሳናት መጽሐፍ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያንብቡልኝ) ለአንዲት ነፍሰ ጡር ወይዘሮ ስለሚወለደው ልጇ አስተዳደግ ይመክራታል። ፍልስፍና መኖርን የሚያስተምር ከሆነ ልጅነትም የኑሮ ክፍል ነውና ለምን ይከለከላል? ነው ነገሩ። እንዲያውም ከሞግዚቱ እጅ ለወጣ ልጅ ከማንበብና ከመጻፍ ይልቅ ይቀለዋል ባይ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ1693 ልጆች መናገር ከቻሉ ምክንያትም ይገባቸዋልና ምክንያት እየሰጣችሁ አሳድጓቸው ሲል ጻፈ። ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ ደግሞ በ1762 «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ ተነሥቶ ይህንኑ አፈረሰው፤ ማመዛዘን ከሰው ችሎታዎች ሁሉ በመጨረሻ የሚበስል ነውና ልጅን በምክንያት ማሳደግ ሥራውን ከመጨረሻው መጀመር ነው አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ክርክሩ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሸጋገር ቆየ፤ ልጆቹን የጠየቃቸው አልነበረም ቢባል ብዙ አያሳስትም።

ክርክሩን ወደ ክፍል ካወረዱት አንዱ ጀርመናዊው ሌዎናርድ ኔልሰን ነው። በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ይህ ፈላስፋ በ1922 ስለ ሶቅራጥሳዊ ዘዴ ባደረገው ንግግር፣ መምህሩ መልሱን በአፉ ይዞ ዝም ማለትን ካልተማረ ተማሪው ፍልስፍናን አይማርም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቫልከሙለ በተባለ ቦታ በእሱና በሚና ሽፔኽት የተቋቋመው አዳሪ ትምህርት ቤት ሕፃናትንም ይቀበል ነበር። ኔልሰን በ1927 ሞተ። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ትምህርት ቤቱን ነጠቁት፤ ሽፔኽት ልጆቹን ይዛ ወደ ዴንማርክ ተሰደደች። ሙከራው ሥር ሳይሰድ ተነቀለ።

የኋላው ታሪክ የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ፣ ኒውዮርክ ከተማ ላይ፣ በብጥብጥ መሀል ነው። ማቲው ሊፕማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እግረኛ ወታደር ሆኖ አውሮፓ የዘመተ፣ ከዚያ ተመልሶ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና የተማረ፣ እዚያው የቀረና ለዓመታት ሎጂክ ያስተማረ ሰው ነው። በማስተማሩ መሀል አንድ ጥርጣሬ ያንገበግበው ነበር። ተማሪዎቹ የሎጂክ ልምምዳቸውን በትክክል እየሠሩ ያልፋሉ፤ ግን ከክፍል ሲወጡ አስተሳሰባቸው ተለውጦ ይሆን? በሚያዝያ 1968 ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲውን ሕንፃዎች ያዙ። አንዱ ቅሬታቸው ዩኒቨርሲቲው ሃርለም ጥግ ባለ የሕዝብ መናፈሻ ላይ ሊሠራው ያቀደው ጂምናዚየም ነበር፤ ሌላው ከጦር ኃይሉ ምርምር ጋር ያለው ግንኙነት። ፖሊስ ገብቶ ወደ 700 ሰው ገደማ አሠረ። ሊፕማንን በዚያ ሰሞን ያስደነገጠው የአንዱ ወገን ጥፋት አልነበረም። ተማሪውም፣ መምህሩም፣ አስተዳዳሪውም ተራ በተራ ሲናገሩ ሲሰማ፣ እነዚህ ሁሉ የተማሩ ሰዎች ምክንያት ማቅረብና የሌላውን ምክንያት መመዘን የማይችሉ መሰሉት። ነገሩ ኮሌጅ ሲደረስ የሚታረም አይደለም ብሎ ደመደመ። ወደ ታች፣ ወደ አሥራ አንድ ዓመት ልጆች መውረድ አለበት።

ለእነሱ ደግሞ የሎጂክ መማሪያ መጽሐፍ አይሰጣቸውም። ልብ ወለድ ጻፈላቸው። በ1969 ያረቀቀው ይህ ታሪክ «የሃሪ ስቶትልማየር ግኝት» ይባላል፤ የልጁ ስም ከነአባቱ ቶሎ ቶሎ ሲጠራ «አሪስቶትል» የሚል ይመስላል፣ ቀልዱ የሊፕማን ነው። እንደ ሥነ ጽሑፍ ከመዘንነው ደረቅ መጽሐፍ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ሥጋ የላቸውም፣ መልክዓ ምድሩ የለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግን ተንኮለኛ ነው።

ሃሪ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሐሳብ ይዞት ጭልጥ ብሏል። መምህሩ ድንገት ይጠይቁታል፤ ረጅም ጅራት ያለው፣ በ77 ዓመት አንዴ ፀሐይን የሚዞር ምንድን ነው? ሃሪ አያውቀውም። ግን ትንሽ ቀደም ብሎ መምህሩ ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይን ይዞራሉ ሲሉ ሰምቷል፤ ይህም ፀሐይን ስለሚዞር ፕላኔት መሆን አለበት ብሎ መለሰ። ክፍሉ ሳቀበት። መልሱ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነበር።

ጥሩ ተማሪ እዚህ ላይ ትክክለኛውን መልስ ደብተሩ ላይ ጽፎ ይቀጥላል። ሃሪ ግን የቱ ጋ እንደተሳሳተ ማወቅ ፈለገ። ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይን ይዞራሉ፤ እውነት ነው። ሲገለበጥ ግን ፀሐይን የሚዞሩ ሁሉ ፕላኔቶች ናቸው ይሆናል፤ ይህ ሐሰት ነው። አሃ! እውነት የሆነ ዓረፍተ ነገር ሲገለበጥ ሐሰት ይሆናል ማለት ነው። በግኝቱ እየፈነጠዘ ለክፍል ጓደኛው ለሊሳ ነገራት። ሊሳ ጥቂት አሰበችና አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠችው፤ አንበሳ የሆነ ንስር የለም። ይገልበጥ እስቲ፤ ንስር የሆነ አንበሳ የለም። ይህም እውነት ነው! የሃሪ ሕግ ገና ከመወለዱ ሞተ። ከብስጭቱ በኋላ ነው ሁለቱ ተጋግዘው ልዩነቱን ያገኙት፤ «ሁሉ» የሚለው ሲገለበጥ ይወድቃል፣ «የለም» የሚለው ሲገለበጥ ይቆማል።

ከዚያ ቤት ሲደርስ አንዲት ጎረቤት ከእናቱ ጋር ሐሜት ይዛለች። እገሊት በየቀኑ የመጠጥ መሸጫው ሱቅ ስትገባ አየኋት፤ መጠጥ የማይለቃቸው ሰዎችም በየቀኑ እዚያው ሱቅ ሲገቡ አያለሁ፤ እንግዲህ እሷም… ብላ ነገሩን በእንጥልጥል ትተወዋለች። ሃሪ ጣልቃ ይገባል። መጠጥ የማይለቃቸው ሁሉ እዚያ ሱቅ ይገባሉ ማለት እዚያ ሱቅ የሚገባ ሁሉ መጠጥ አይለቀውም ማለት አይደለም። የጅራታሙ ኮከብ ስህተት ነው፤ ቦታውን ለውጦ የሰው ስም ሊያጠፋ የመጣ። በእኔ ግምት መጽሐፉ ለሃምሳ ዓመት በሕይወት የቆየው በዚህ ትዕይንት ነው፤ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ሎጂክ ለምን እንደሚያስፈልገው ሌላ ማብራሪያ አይሻም።

በ1970 ሊፕማን ረቂቁን ይዞ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሞንትክሌር ከተማ ወደሚገኘው ራንድ ትምህርት ቤት ሄደ። የአምስተኛ ክፍል ልጆች ለሁለት ቡድን ተከፈሉ፤ በእያንዳንዱ ቡድን 20 ልጅ። አንዱን ቡድን ራሱ ሊፕማን ለዘጠኝ ሳምንት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 40 ደቂቃ 40 ደቂቃ እያደረገ አስተማረ፤ ሌላው ቡድን የኅብረተሰብ ትምህርት ተማረ። በፊትና በኋላ ፈተና ተሰጣቸው። በሎጂካዊ ማመዛዘን ፍልስፍና የተማሩት ልጆች ሌሎቹን በ27 ወር ቀድመዋቸው ተገኙ።

ይህ ቁጥር በሩን ከፈተለት። ቁጥሩን ለሚመረምር ሰው ግን ብዙ ቀዳዳ አለው። ሃያ ልጅ ጥቂት ነው፤ አስተማሪው የመጽሐፉ ደራሲ፣ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርም ነበር፤ ዘጠኝ ሳምንት ሁለት ዓመት ከሩብ ይሰጣል ማለትም ጆሮን የሚያስቆም ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍልስፍና ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገባው በፈተና ውጤት በር ሆነ። ልጅ ማሰብ ስላለበት ያስብ የሚል ርዕሰ መምህርን ማሳመን ይከብዳል፤ ነጥብ ይጨምራል ሲባል ይሰማል። ይህ ስምምነት ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሏል።

በዚያን ዘመን የልጅን አእምሮ በተመለከተ ቃሉ የሚከበረው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ነበር። ልጅ ከሚታይና ከሚዳሰስ ነገር ተላቅቆ ሐሳብን በሐሳብነቱ መመርመር የሚጀምረው በአሥራ አንድ ወይም በአሥራ ሁለት ዓመቱ አካባቢ ነው ይል ነበር። ሊፕማን የጀመረው በትክክል በዚህ ድንበር ላይ ነው። ድንበሩን ያስጣሰው ከአን ማርጋሬት ሻርፕ ጋር መገናኘቱ ይመስለኛል። እሱ በ1972 ኮሎምቢያን ትቶ ወደ ሞንትክሌር ስቴት ኮሌጅ ሄደ፤ እሷ በቀጣዩ ዓመት እዚያው መጣች፤ በ1974 ሁለቱ «ፍልስፍና ለልጆች»ን የሚያስፋፋ ተቋም መሠረቱ። ከሃሪ በኋላ «ሊሳ»፣ «ሱኪ»፣ «ማርክ»፣ ለታናናሾች «ፒክሲ»፣ እያለ እያለ ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የሚሆን «ኤልፊ» ድረስ ተጻፈ። ድንበሩ ከአሥራ አንድ ወደ አምስት ዓመት ወረደ።

ስለ ሁለቱ ሲወራ ሊፕማን ጸሐፊ፣ ሻርፕ ረዳት ተደርጋ ትቀርባለች። ይህ ልክ አይደለም። ልጆች ተሰብስበው አብረው የሚመረምሩበትን ጉባኤ ሐሳቡን ከአሜሪካውያኑ ፈላስፎች ከቻርልስ ፐርስና ከጆን ዱዊ ቢወስዱትም፣ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ያብሰለሰለችው፣ አገር ለአገር ዞራ መምህራንን ያሠለጠነችው እሷ ናት።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ዴስኮቹ ይነሣሉ፣ ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ መምህሯም ከክቡ አንዱ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ታሪኩን እየተቀባበሉ አንድ አንድ አንቀጽ ጮክ ብለው ያነባሉ። ከዚያ መምህሯ ጥያቄ አትጠይቅም፤ ጥያቄዎቹን ትቀበላለች። እያንዳንዱ ጥያቄ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይሰፍራል፤ አጠገቡም የጠያቂው ልጅ ስም። የቱን እንደሚወያዩበት ልጆቹ ይመርጣሉ። ስም መጻፉ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስተኛ ክፍል ላለች ልጅ ሐሳቧ ከነስሟ ሰሌዳ ላይ መዋሉና ሠላሳ ሰው በእሱ ላይ መነጋገሩ በትምህርት ቤት ሕይወቷ ያልገጠማት ክብር ነው። ውይይቱ ሲጀመር የመምህሯ ሥራ ከባድ ይሆናል። ምን ማለትህ ነው? ለምን እንዲህ አልሽ? ይህ ከሱ ይከተላል? ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይስ የማይሆንበት ጊዜ አለ? ከዚህ ውጭ ምንም አትልም። ልጅ ዞር ብሎ «ቲቸር፣ መልሱ የቱ ነው?» ሲላት አፏን መያዝ አለባት። የኔልሰን ትምህርት ነው፤ ለሚያስተምር ሰው ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። ብዙ መምህራን ሥልጠናውን ወስደው ክፍል ሲመለሱ ውይይቱን እየጠመዘዙ ወደሚፈልጉት ግብረ ገብ ይወስዱታል፤ ያን ጊዜ ክቡ ክብ ሆኖ ይቀራል እንጂ ፍልስፍናው ሄዷል።

በ1980 ሌላ አሜሪካዊ ፈላስፋ፣ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲው ጋሬዝ ማቲውስ፣ ስለ ሕፃናትና ፍልስፍና በጻፈው መጽሐፍ ክርክሩን ከሥሩ ገለበጠው። ሊፕማን ልጆችን ፍልስፍና እናስተምር ይላል፤ ማቲውስ ደግሞ ልጆቹ እኮ ቀድመውናል አለ። ከምሳሌዎቹ አንዱ ድስት እየላሰ አባቱን ይህ ሁሉ ሕልም አለመሆኑን በምን እናውቃለን ብሎ የጠየቀ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ፈላስፋው ዴካርት በጎልማሳነቱ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ የጠየቀው ጥያቄ ነው ይህ። ማቲውስ ፒያዤንም አልማረም፤ ልጆቹ የሰጡትን ጉልህ መልስ የብስለት ማነስ ምልክት አድርጎ መዝግቦታል ብሎ ወቀሰው። በተቃራኒው ወገን ፈላስፋው ሪቻርድ ኪችነር በ1990 የልጆቹ ንግግር አስተዋይነት እንጂ ፍልስፍና አይደለም፣ ስለ ራሱ ስለ ማሰብ ማሰብ ይጎድለዋል ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም፤ ልጆቹ ግን በጉባኤው አልተጠሩም።

1980ዎቹ የመስፋፋት ዘመን ናቸው። በ1985 ዴንማርክ ውስጥ የ«ፍልስፍና ለልጆች» ዓለም አቀፍ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ትምህርቱም ብራዚል፣ አውስትራሊያ፣ ሃዋይ እየገባ በየደረሰበት መልኩን ለወጠ። ትልቁ ለውጥ የመጣው የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1990 ሊፕማንንና የኒውዋርክ ከተማ ትምህርት ቤቶችን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ካስተላለፈ በኋላ ነው። «ሶቅራጥስ ለስድስት ዓመት ልጆች» የተባለው ይህ ፊልም ድሃ ሠፈር ውስጥ ያሉ ልጆች በጥሞና ሲሟገቱ አሳየ። በቀጣዮቹ ዓመታት የእንግሊዝ መምህራን የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ የሊፕማንን ልብ ወለዶች ግን ብዙዎቹ አልወደዷቸውም፤ በምትኩ ሥዕላዊ የልጆች መጻሕፍትን አንሥተው ከእነሱ ጥያቄ ማውጣት ጀመሩ። ካሪን መሪስ በ1992 ይህንን መንገድ በመጽሐፍ አቅርባለች። ሊፕማን ቅር ቢለው አይፈረድበትም፤ የሱ ታሪኮች እያንዳንዷ ገጽ የሎጂክ ቅደም ተከተል ነበራት፣ ሥዕሉ መጽሐፍ ደግሞ ጥያቄ እንጂ ቅደም ተከተል የለውም። ሥዕሉ መጽሐፍ ግን ልጆቹን ያሳቃል።

ፈረንሳይ ዘግይታ ገባች፤ የሚገርም ነው። ፍልስፍና ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አንሥቶ በሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ክፍል የሚሰጥባት አገር ናት፤ የፍልስፍና ፈተና በየሰኔው የጋዜጣ ወሬ ይሆናል። ከዚያ በታች ማውረድ ግን ለብዙ መምህራኑ ክብሩን ማርከስ መሰላቸው፤ የፕላቶ ጥላ። በ2010 የወጣ አንድ ዘጋቢ ፊልም ከፓሪስ ውጭ ለ-ሜ-ሱር-ሴን በምትባል ከተማ የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናት ክብ ሠርተው ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞት፣ ስለ አለቃ ሲነጋገሩ ለሁለት ዓመት ያህል ተከታትሎ አሳየ። አንዳንዱ በመሀል ይተኛል። አንዳንዱ ስለ ምሳው ያወራል። ከዚያ አንዷ ድንገት የሌላውን ሐሳብ ስሙን ጠርታ አልስማማም ትላለች። በዚያው ዓመት በሐምሌ ሻርፕ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ሊፕማን ሞቱ።

መሥራቾቹ ካለፉ በኋላ ያ የፈተና ውጤት ጉዳይ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን በሃያ ልጅ ሳይሆን በሺዎች። እንግሊዝ ውስጥ ለትምህርት ምርምር ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት በ2013 በ48 ትምህርት ቤቶች ከ3,000 በላይ የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ያሳተፈ ሙከራ አስደረገ። ትምህርት ቤቶቹ በዕጣ ተለዩ፤ ግማሾቹ ወዲያው ጀመሩ፣ የቀሩት ወረፋ ጠበቁ። በ2015 ውጤቱ ሲወጣ በንባብና በሒሳብ የሁለት ወር ያህል ብልጫ ታየ፤ ነፃ ምሳ በሚያገኙ የድሃ ልጆች ዘንድ ብልጫው ከፍ ይላል፤ ወጪውም ለአንድ ልጅ በዓመት 16 ፓውንድ ብቻ። ከሃያ ሰባት ወር ወደ ሁለት ወር ወርዷል፤ ግን የታመነ ሁለት ወር መሰለ። ጋዜጦች አራገቡት፤ ፍልስፍና ሒሳብ ያስተምራል ተባለ።

ድርጅቱ ሙከራውን አስፍቶ ደገመው። ሁለተኛው ዙር 198 ትምህርት ቤቶችን ይዞ ለሁለት ዓመት ተካሄደ። ሪፖርቱ በ2021 ወጣ፤ በንባብም ሆነ በሒሳብ የታየ ልዩነት የለም፤ ነፃ ምሳ በሚያገኙት ልጆች ዘንድም የለም። የመጀመሪያውን ውጤት እንደ ሠርግ የተቀበሉት ይህኛውን በዝምታ አለፉት። መምህራኑ ሲጠየቁ ግን ልጆቹ የሌላውን ሐሳብ ማዳመጥና ሐሳባቸውን በግልጽ መናገር አሻሽለዋል አሉ። ለዚህ ደግሞ ነጥብ የሚሰጥ ፈተና አልተዘጋጀም ነበር።

በዚያው በ2021 «ወጣቱ ፕላቶ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ቦታው የሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት፣ አርዶይን ሠፈር፣ ሆሊ ክሮስ የወንዶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ሠፈር የካቶሊኮችና የፕሮቴስታንቶች ቁርሾ አባቶችን አቃጥሎ ለልጆች ተርፏል። የወቅቱ ርዕሰ መምህር ኬቨን ማካሪቪ ፍልስፍናን ወደ ትምህርት ቤቱ ያስገቡት የንባብ ነጥብ አንሷቸው አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ድብድብ በዝቶባቸው ነው። በፊልሙ ላይ የተደባደቡ ልጆች ለምን እንደተደባደቡ በምክንያት እንዲያስረዱ ይደረጋል። አባቶች «መታህ? መልሰህ ምታው» ብለው ማሳደጋቸው የታወቀ ነው፤ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ምክር ይዘው ይሟገታሉ፤ ርዕሰ መምህሩም አባት ሆነው እየተጫወቱ፣ ልጁ ምክሩን በትሕትና ግን በምክንያት እንዲቃወም ያለማምዱታል። ፕላቶ የፈራው ልጅ ይህ ነው፤ ከአባቱ ጋር ቃል በቃል የሚመላለሰው። ርዕሰ መምህሩ ያዘዙት የቤት ሥራም ያው ነው፤ ማታ ቤት ሄደህ አባትህን ጠይቀው፤ መልሶ ከመታኝስ፣ ከዚያስ?